«አክቹዋሊ» ምን ሊል ፈልጎ ነው?

በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ጥያቄዎች ተማክረው የመጡ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ናቸው።

ጥያቄ፦ «አክቹዋሊ»ን «በእርግጥ» ብዬ ስተረጉመው ብዙ ጊዜ አልገጥም ይለኛል። ምን ልበለው? (ጀማሪው ተርጓሚ)

መልስ፦ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። የቃሉ ዋና ሥራ ማረም ነው። ሰሚው አንድ ነገር ገምቷል፤ ተናጋሪው «እንዳሰብከው አይደለም» ይለዋል። አማርኛ ይህን ሥራ ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል። «ደከመህ አይደል?» ብትለኝና ጉልበቱ ካለኝ፣ «እንዲያውም ገና መጀመሬ ነው» እልሃለሁ። በወሬ መሃል ትዝ ሲለኝ፣ «ለነገሩ እኔም አልሄድኩም»። የደበቅኩትን ሳወጣ፣ «እውነቱን ለመናገር አልወደድኩትም»። ቀን ተሳስተህ ከሆነ ደግሞ፣ «ሐሙስ ነው እኮ!»። እንግሊዝኛው አራቱም ቦታ አክቹዋሊን ሊጠራ ይችላል። እኔ ለ«እኮ» አዳላለሁ። ሁለት ፊደል ሆና ያን ሁሉ ትሸከማለች፤ ስንተረጉም ግን እሷን ነው የምንረሳው።

ጥያቄ፦ ሥራዬን ለአለቃዬ ላክሁለት። «ዚስ ኢዝ አክቹዋሊ ጉድ» ብሎ መለሰልኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ? (ግራ የገባት)

መልስ፦ ደስ ይበልሽ፣ ግን ብዙም አይደለም። ቃሉ ግምትን ስለሚያርም፣ ከምስጋናው ጀርባ «እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር» የሚል ነገር ይሰማል። «አይ፣ ጥሩ ነው እኮ!» እንደማለት ነው። አለቃሽ ክፋት ላያስብ ይችላል፤ ሰው ሳያስተውለው ነው የሚለው። አንቺ ስታመሰግኚ ግን ቃሉን አውጪው። ጓደኛሽን «ዩ አክቹዋሊ ሉክ ናይስ» ብለሽ ብትጣሉ እኔ የለሁበትም።

ጥያቄ፦ ከ«ሪሊ» በምን ይለያል?

መልስ፦ «አይ ሪሊ ላይክ ኢት» ሲል በጣም ወዶታል። «አይ አክቹዋሊ ላይክ ኢት» ካለ ግን፣ ያልወደደው መስሏችሁ ከነበረ ወዶታል።

ጥያቄ፦ ፈረንሳይኛ እየተማርኩ ነው። «አክቱኤልማ» የሚሉት ይኸው አክቹዋሊ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። የሁለቱም ሥር ላቲን ነው፤ መንገድ ላይ ተለያዩ። የፈረንሳይኛው «በአሁኑ ጊዜ» ማለት ነው። የስፓኒሹ «አክቱዋልሜንቴ»ም እንደዚያው። ስለዚህ አንድ ፈረንሳዊ «አክቹዋሊ አይ አም አ ስቱደንት» ቢልህ አትደንግጥ፤ እያረመህ ላይሆን ይችላል። «አሁን ተማሪ ነኝ» ማለቱ ይሆናል። ለዚያ እንግሊዝኛው ያለው ቃል «ከረንትሊ» ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ አማርኛ እያወራ አፉን በከፈተ ቁጥር «አክቹዋሊ» ይላል። ሊያሳብደኝ ነው።

መልስ፦ እሱ ዘንድ ቃሉ ማረሙን ትቶ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ሆኗል፤ እንደ «ያው»፣ እንደ «ማለቴ»። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑትም ከዚህ አላመለጡም። ቃሉን ባለ ቁጥር «ማን ሌላ ነገር አለና?» ብለህ ጠይቀው። እኔ አንድ ዘመዴ ላይ ሞክሬዋለሁ። ሁለት ቀን አኮረፈኝ፣ ከዚያ ተወው። አሁን «ቤዚካሊ» ጀምሯል።