ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ከሳሁ፤ ጡት ማስያዣዎቼ ሁሉ ሰፉኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? 39 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፉት 9 ወራት ከ88 ኪሎ ወደ 70 ወርጃለሁ። መድኃኒት አልወሰድኩም። ለስላሳና ስኳር ተውኩ፣ እንጀራውን ቀነስኩ፣ ከሥራ ስመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ከታክሲ እወርድና በእግሬ እገባለሁ። ደስ ብሎኛል። ችግሬ ሌላ ነው። ጡት ማስያዣዎቼ ሁሉ ሰፉኝ። ማንገቻው ከትከሻዬ ይወርዳል፣ ከኋላ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ከፊት ደግሞ ባዶ ሆኖ ይጨማደዳል። ጀርባውን በመርፌ ቁልፍ አጥብቤ ነው የምውለው። አንገቴንና ትከሻዬን ማመም ጀምሮኛል፤ ከጡቴ ሥርም ያሳክከኛል። ጡቴ ራሱ ወርዷል። ይመለስ ይሆን? የሚቀባ ነገርስ አለ? ታናሽ እህቴ ደግሞ ሽቦ ያለው ጡት ማስያዣ ካንሰር ያመጣል ትለኛለች። እንዲህ ያለውን ለሐኪም መጠየቅ ነውር ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

መልስ፦ ምንም ነውር የለውም፣ እህቴ። እንዲያውም ብዙ ሴቶች አንገቴን አመመኝ ብለው ይመጣሉ እንጂ ስለ ጡት ማስያዣቸው አንድም ቃል አይተነፍሱም። እኔ ነኝ የምጠይቃቸው። ስጠይቃቸው ይስቃሉ፤ ከዚያ ትከሻቸውን ሲያሳዩኝ ማንገቻው የቆፈረው ጎድጓዳ መስመር አለ።

በቅድሚያ እንኳን ደስ አለዎት። 18 ኪሎ ቀላል አይደለም። 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው፤ ያንን ተሸክመው ነበር ደረጃ የሚወጡት። አቀናነስዎም ጥሩ ነው። በወር ሁለት ኪሎ ገደማ፣ ሳይራቡ፣ በእግር እየሄዱ።

ወደ ጥያቄዎ ከመግባቴ በፊት ግን ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ሴቶች አንድ ነገር ልበል። እርስዎ የከሱት ፈልገው ነው። ጡት ማስያዣ ግን ሳይፈልጉ ለከሱም ይሰፋል። ቤታችን ሚዛን የሌለን ብዙዎች ነን። መክሳታችንን ቀድሞ የሚነግረን የቀሚስ ወገብ፣ የጣት ቀለበትና ጡት ማስያዣ ነው። አንዲት ታካሚዬ ጎረቤት ሁሉ «እንዴት አማረብሽ!» ሲላት ወራት አለፉ። እሷም ደስ ብሏት ነበር። ውኃ ጥሙና ሌሊት ሌሊት ሽንት መመላለሱ ሲበዛባት መጣች፤ ስኳሯ ሰማይ ነክቶ ነበር። አመጋገብዎን ሳይቀይሩ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ከክብደትዎ 5 በመቶ ከቀነሱ መመርመር አለብዎት። 70 ኪሎ ለሆነች ሴት ይህ 3 ኪሎ ተኩል ነው። ስኳር፣ የታይሮይድ ዕጢ መፍጠን፣ ቲቢ፣ ኤች አይ ቪ፣ ድብርት፣ አንዳንዴም ካንሰር ከጀርባው ሊኖር ይችላል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ወይም አንሶላ የሚያርስ የሌሊት ላብ ካለበት ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ።

አሁን ወደ እርስዎ።

ሰው ሲከሳ የሚቀንሰው ጡቱ ብቻ አይደለም። በጎድንና በጀርባ ላይ ያለው ስብም ይሄዳል። ስለዚህ ጡት ማስያዣው በሁለት በኩል ነው የሚሰፋው፤ በደረት ዙሪያውም፣ ጡቱ በሚገባበት በካፑም። ብዙ ሴቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ጡቴ አነሰ» ብለው የካፑን ፊደል ይቀንሱና የደረት ዙሪያውን ቁጥር እንዳለ ይተዉታል። ለምሳሌ 40ዲ ታደርግ የነበረች ሴት ከስታ 40ቢ ትገዛለች። የሚያስፈልጋት ግን ምናልባት 36ሲ ነው። ይገርምዎታል፣ የ40ቢ ካፕ ከ36ሲ ካፕ ይሰፋል። ፊደሉ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ትርጉም የሚኖረው ከቁጥሩ ጋር ነው። የ36ሲ ካፕና የ38ቢ ካፕ የሚይዙት ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ የደረቱ ዙሪያ ነው።

ስለዚህ ይለኩ። ልብስ ሰፊዎች የሚይዙት የጨርቅ ሜትር ይበቃል። ልክ ከጡትዎ ሥር፣ አየር አስወጥተው፣ ሜትሩን ጠበቅ አድርገው ዙሪያዎን ይለኩ። ከኋላ እንዳይወርድ ወይም እንዳይወጣ መስታወት ይመልከቱ። 79 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል፤ ልክዎ 80 ነው፤ ገበያችን ላይ ባለው ሌላው ቁጥር ደግሞ 36። ብዙዎቹ ላይ 36/80 ተብሎ ሁለቱም ተጽፎ ያገኙታል። 34 ማለት 75፣ 38 ማለት 85 ነው። ቀጥሎ ጡትዎ በጣም ሞላ ያለበትን ቦታ ይለኩ። ከክብደት መቀነስ በኋላ ጡት ወደ ታች ስለሚሄድ ቀጥ ብለው ቆመው ቢለኩት ያሳንሰዋል። ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፣ ሜትሩንም አያጥብቁት። 96 ቢሆን ልዩነቱ 17 ነው። በአውሮፓው አለካክ ከ12 እስከ 14 ኤ፣ እስከ 16 ቢ፣ እስከ 18 ሲ፣ እስከ 20 ዲ ነው። ስለዚህ 80ሲ። ፋብሪካዎች ግን አይስማሙም፤ ልኩን እንደ መነሻ ይያዙት እንጂ እንደ መጨረሻ ቃል አይውሰዱት።

የአንገትና የትከሻ ሕመምዎ አብዛኛው ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። የጡትን ክብደት መሸከም ያለበት ከሥር ዙሪያውን የሚታሰረው ክፍል ነው፤ ማንገቻው አጋዥ ብቻ ነው። ዙሪያው ሲሰፋ ከኋላ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ከፊት ጡቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሴትየዋ ማንገቻውን ታሳጥራለች። ማንገቻው ሲያጥር ጀርባውን ይብስ ወደ ላይ ይስበዋል። ሸክሙ በሙሉ ትከሻ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ የሚወርድ ማንገቻ ያላት ሴት ሳታውቀው ቀኑን ሙሉ ትከሻዋን ሽቅብ ይዛ ነው የምትውለው። ልኩን ካስተካከሉ በሁለት በሦስት ሳምንት ለውጥ ማየት አለብዎት። ካልተሻለዎት፣ ወይም ሕመሙ ወደ ክንድዎ ወርዶ ካደነዘዘዎት ይታዩ። ደረት ላይ የሚጫን፣ ዳገት ሲወጡ የሚብስ ሕመም ከሆነ ግን ነገሩ የጡት ማስያዣ ጉዳይ አይደለም፤ በቶሎ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

የመርፌ ቁልፉን ይተዉት። ሲከፈት ይወጋል፤ ጨርቁንም ይቀድዳል።

ማሳከኩ ደግሞ ከላብ ነው። ማስያዣው ጡቱን ካላነሳው ቆዳ ከቆዳ ጋር ተጣብቆ ይውላል፤ ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ ይፋተጋል። ፈንገስ የሚወደው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። ጠዋትና ማታ በቀላል ሳሙና ይጠቡትና በደንብ ያድርቁት። ቀልቶ ዳር ዳሩ ላይ ትናንሽ ነጠብጣብ ካወጣ ክሎትሪማዞል ክሬም በቀን ሁለቴ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይቀቡ። ማሳከኩ በሦስተኛው ቀን ቢጠፋም አያቋርጡ። ሎሚ አይሹበት። ከመድኃኒት ቤት «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሰጠውን ቤታሜታዞን ያለበት ቅይጥ ክሬምም በራስዎ አይጀምሩ። ለጊዜው ያስታግሳል፣ ፈንገሱን ግን ያባብሳል፣ ቆዳውንም ያሳሳል። እየተመላለሰ ካስቸገረዎት ስኳርዎን ይለኩ።

እግረ መንገዴን፣ ብር ከጡታችን ሥር የመወሸቅ ልማዳችንን ላንሳ። እናቴ እስከ መጨረሻው ባንኳ እዚያው ነበር። በሰፋ ጡት ማስያዣ ግን ብሩም ይወድቃል፤ ስንት እጅ የዞረ ኖት እርጥብ ቆዳ ላይ ሲውልም ለማሳከኩ ምንም አይረዳም። ስልክማ አይወራም።

«ይመለስ ይሆን?» ላሉት እውነቱን ልንገርዎት። የጡት ውስጡ የወተት ዕጢ፣ ስብና እነሱን የሚይዙ ቀጫጭን ጅማቶች ናቸው። የስቡ ድርሻ ከሴት ሴት ይለያያል፤ ለዚህ ነው እኩል ኪሎ የቀነሱ ሁለት ሴቶች ጡታቸው እኩል የማይቀንሰው። ስቡ ሲሄድ የተለጠጠው ቆዳና ጅማት ወደ ቦታው ሙሉ በሙሉ አይሰበሰብም። ጡትን የሚያነሳ ጡንቻም ጡት ውስጥ የለም። ፑሽ አፕ መሥራት ከጡቱ ጀርባ ያለውን የደረት ጡንቻ ያጠነክራል፣ አቋቋምዎን ያስተካክላል፤ ያ ለአንገትዎም ይጠቅማል፤ ጡቱን ግን አይመልሰውም። የሚቀባውን በተመለከተ ገንዘብዎን ያስቀምጡ። የወረደ ጡትን የሚያነሳ ቅባት የለም። ማጥባትዎንም አይውቀሱ፤ ጡት የሚወርደው በማጥባቱ ሳይሆን በእርግዝና ብዛት፣ በዕድሜ፣ በሲጋራና በክብደት መውጣትና መውረድ ነው። የሚያነሳ ቀዶ ሕክምና አለ። ውድ ነው፣ ጠባሳ አለው፣ ክብደትዎም ቢያንስ ለስድስት ወር ረግቶ መቆየት አለበት። ከፈለጉት መብትዎ ነው። እኔ አልገፋፋዎትም፣ አልከለክልዎትምም።

ጡትዎ አነስ ማለቱ ግን አንድ ጥቅም አለው። ቀድሞ በስብ ተሸፍኖ የነበረ ነገር አሁን በእጅ ይገኛል። አንዳንዴ ይህ ያስደነግጣል፤ የወተት ዕጢው ገመድ ገመድ የሚል ሸካራነት ወይም የጎድን አጥንቱ ራሱ እብጠት ይመስላል። በሁለቱም ጡቶች ተመሳሳይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተፈጥሮው ነው። የወር አበባዎ ካበቃ ከጥቂት ቀን በኋላ ጣትዎን ዘርግተው ሁለቱንም ጡትና ብብትዎን ይዳስሱ፤ አዲሱን ጡትዎን ይልመዱት። አንዱ ጡት ብቻ ከተለወጠ፣ ጠጣር እብጠት ካገኙ፣ ቆዳው ከሰረጎደ ወይም የብርቱካን ልጣጭ ከመሰለ፣ የጡት ጫፍ አዲስ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ካወጣ ክብደት መቀነሴ ነው ብለው አይለፉት። አያምም ብለውም አይተዉት፤ የጡት ካንሰር መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው እሱ ነው፤ ብዙዎችም የሚመጡት ዘግይተው ነው።

የእህትዎን ነገር ግን አይፍሩት። «ሽቦው የሊምፍ መስመር ይዘጋል፣ መርዝ ያጠራቅማል» የሚለው ወሬ ዓለም ዞሮ የመጣ ነው። በአሜሪካ ሲያትል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የጡት ካንሰር የያዛቸውን ከአንድ ሺህ በላይ ሴቶች ካልያዛቸው ጋር አወዳድሮ ነበር። ሽቦ ያለው፣ የሌለው፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ከስንት ዓመታቸው ጀምሮ ብሎ ጠየቀ። ግንኙነት አላገኘም። ሽቦ የሚጎዳው ልኩ ሳይሆን ሲቀር ነው፤ ይቆረቁራል፣ ጡቱ ላይ ተቀምጦ ያቆስላል። ሲለኩት ሽቦው ከጡቱ ሥር፣ የጎድን አጥንት ላይ ማረፍ አለበት። ሌሊት ማድረግ ጉዳት የለውም፤ ጥቅምም የለውም።

ሲገዙ አይቸኩሉ። ገና እየቀነሱ ከሆነ ሁለት ይበቃዎታል። እስኪረጋ ድረስ የሚለጠጥ፣ የስፖርት ዓይነት ማስያዣም ይሆናል። እንደ ሰሌን የደረቀ ስፖንጅ ያለው ለእርስዎ አይመችም። ጡትዎ ከላይ በኩል ስለጎደለ ስፖንጁ ቆሞ ይቀራል፣ መሐሉ ባዶ ይሆናል። ለስላሳ ጨርቅ፣ ከላይ ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ይሻላል። አንዱ ጡት ከሌላው መብለጡ የተለመደ ነው፤ ለትልቁ ይግዙ። አብዛኛው ሱቅ አያስለካም። ቀጭን ቦዲ ለብሰው ይሂዱና ከላዩ ላይ ልሞክር ይበሉ፤ ባለሱቋ ሴት ከሆነች እሺ ትላለች። አዲሱን በመጨረሻው፣ በሰፊው መንጠቆ ይሰሩት፤ ላስቲኩ እየላላ ሲሄድ ወደ ውስጥ ይቀንሱታል። ከጀርባ ሁለት ጣት ቢገባ ልክ ነው፤ ሙሉ እጅ ከገባ ሰፊ ነው። እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ፤ ከቦታው ከተነሳ ይመልሱት። የሰልባጅ ከሆነ ዙሪያውን ጎትተው ይልቀቁት፤ ቶሎ ካልተሰበሰበ ላስቲኩ ሞቷል።

ከድሮዎቹ ውስጥ ካፑ አሁንም የሚሆንዎ ካለ ልብስ ሰፊ ከጎኑ ቆርጦ ሊያጠብልዎ ይችላል። ካፑ ራሱ ከሰፋ ግን ልፋት ነው። የተረፉትን ለእህትዎ ከመስጠትዎ በፊት እሷንም ይለኳት።