ትንሽ ስህተት መልሱን ሲያናጋው፦ ስለ ሬጉላራይዜሽን ጥያቄና መልስ

ውጤቱን አይቶ ወደ መነሻው መመለስ ተገላቢጦሽ ችግር ይባላል። ሲቲ ስካን አንዱ ነው፤ ሰውነትን አልፎ ከወጣው ኤክስሬይ ተነስቶ የውስጡን ምስል ይሠራል። ሬጉላራይዜሽን ደግሞ በዳታው ውስጥ ያለ ትንሽ ስህተት መልሱን እንዳያናጋው የምናደርግበት ዘዴ ነው። በዚሁ ዙሪያ ለጠየቃችሁኝ መልሴ እነሆ።

ጥያቄ፦ ችግሩ «ኢል-ፖዝድ» ነው የሚባለው መቼ ነው?

ሐሳቡ የሚነሳው ፈረንሳዊው ዣክ አዳማር እ.ኤ.አ. በ1902 ካወጣው ጽሑፍ ነው። ዛሬ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። መልስ ይኑር፣ አንድ ብቻ ይሁን፣ ዳታው ትንሽ ሲነቃነቅ መልሱም ትንሽ ብቻ ይነቃነቅ። አንዱ ከጎደለ ኢል-ፖዝድ ነው። በተግባር የሚያስቸግረን ሦስተኛው ነው።

ጥያቄ፦ እስቲ በቁጥር አሳየን።

ወረቀት አውጡና አብረን እንሥራው።

ሀ + ለ = 2
ሀ + 1.0001ለ = 2.0001

መልሱ ሀ = 1፣ ለ = 1 ነው። አሁን 2.0001ን 2.0002 አድርጉት። ሀ ዜሮ ሆነ፣ ለ ደግሞ 2! የነካነው አራተኛውን አሥርዮሽ ብቻ ነው። ሁለቱ መስመሮች ትይዩ ለመሆን ምንም ስላልቀራቸው፣ የሚገናኙበት ነጥብ በትንሽ ንክኪ ርቆ ይሄዳል። (በጥብቅ ቋንቋ ይህ ኢል-ኮንዲሽንድ ነው፤ ማለትም አንድ መልስ አለው፣ ግን በትንሽ ስህተት ብዙ ይናጋል፤ ኢል-ፖዝድ ችግር ኮምፒውተር ላይ ሲገባ የሚይዘው መልክ ግን ይሄው ነው።)

አሁን የሒሳብ ሊቁን የቲኾኖቭን የሬጉላራይዜሽን ዘዴ እንሞክር። የስህተቶቹን (የእኩልታዎቹን ግራና ቀኝ ልዩነት) ካሬ ድምር ብቻ ከማሳነስ፣ 0.01 × (ሀ² + ለ²) ጨምረንበት ጠቅላላውን እናሳንስ። በተበላሸው ዳታ እንኳ ሀም ለም 0.9975 ገደማ ይመጣሉ። ያቺ 0.01 አልፋ የምንላት ናት።

ጥያቄ፦ ይሄ መልሱን ወደፈለግንበት መጎተት አይደለም?

ነው። ይህንንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። እውነተኛው መልስ 0 እና 2 ቢሆን ኖሮም ስሌቱ ያንኑ 0.9975 ይሰጠን ነበር። ዳታው ሁለቱን መለየት አይችልም፤ የሚለየው እኛ የጨመርነው ግምት ነው። ስለዚህ ግምቱ ከጉዳዩ ከራሱ መምጣት አለበት እንጂ ለስሌት ስለተመቸን ብቻ አይደለም። መልሱ ለስላሳ ነው ብላችሁ ካመናችሁ ቲኾኖቭ ጥሩ ነው። ጠርዝ ያለው ምስል ላይ ግን ጠርዙን ያደበዝዘዋል። ለዚያ ሩዲን፣ ኦሸርና ፋተሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት ቶታል ቫሪዬሽን (በምስሉ ውስጥ ያለውን የለውጥ መጠን ድምር የሚያሳንሰው ዘዴ) ይሻላል። በመልሱ ውስጥ አብዛኛው ቁጥር ዜሮ ነው ካላችሁ ደግሞ በካሬዎቹ ፋንታ የቁጥሮቹን ፍጹም ዋጋ ድምር የሚያሳንሰው ኤል-1 አለ።

ጥያቄ፦ ትንንሾቹን ሲንጉላር ቫልዩዎች ቆርጦ መጣልስ?

ሲንጉላር ቫልዩ ማትሪክሱ (የእኩልታዎቹ ቁጥሮች ሰንጠረዥ) በየአቅጣጫው ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚናገር ቁጥር ነው፤ እሱ ትንሽ በሆነበት አቅጣጫ የዳታው ስህተት መልሱ ላይ ይገንናል። መቁረጡ ይቻላል፣ ይሠራበታልም። ቲኾኖቭ ቀስ እያለ የሚያዳክመውን ይሄ በአንዴ ይቆርጠዋል።

ጥያቄ፦ አልፋን በምን ልምረጥ?

የመለኪያችሁን ስህተት መጠን ካወቃችሁ የሞሮዞቭን መርህ ያዙ። በመልሳችሁና በዳታው መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ስህተት ጋር እኩል እስኪሆን አልፋን አስተካክሉ። ከዚያ በላይ ወደ ዳታው ላስጠጋ ማለት ኖይዙን (የመለኪያውን ስህተት) መልስ ውስጥ ማስገባት ነው። የስህተቱን መጠን የማያውቅ ሰው ኤል-ከርቭ (በየአልፋው ከዳታው ያለውን ልዩነት ከመልሱ መጠን ጋር የሚያሳይ የL ቅርጽ መስመር) ስሎ ማዕዘኑን ይፈልጋል። እኔ ግን መጀመሪያ መሣሪያውን ደጋግሞ ለክቶ ስህተቱን ማወቅን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ማትሪክሴ በጣም ትልቅ ነው። ምን ላድርግ?

እንደ ላንድዌበር ባሉ፣ መልሱን በየዙሩ ትንሽ በትንሽ በሚያርሙ የድግግሞሽ ዘዴዎች ፍቱት። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ምስሉ እየጠራ ይሄዳል፤ ከዚያ ኖይዙ ብቅ ማለት ይጀምራል። በጊዜ ማቆሙ ራሱ ሬጉላራይዜሽን ነው።

ጥያቄ፦ በሠራሁት ዳታ ስፈትሸው መልሱ ፍጹም ይመጣል። ልመነው?

ገና ነው። ዳታውን የሠራችሁበትና መልሱን የፈለጋችሁበት ግሪድ (ስሌቱ የሚካሄድበት የነጥቦች መረብ) አንድ ከሆነ ፈተናው ቀሏል። ዳታውን በደቀቀ ግሪድ ሥሩት፣ ኖይዝ ጨምሩበት፣ ከዚያ በሌላ ግሪድ ፍቱት።