የሚበሰብስ ኩባያና ፌስታል ከመግዛትሽ በፊት ሰርተፊኬቱን አንብቢ

እህቴ፣ «ከዕፅዋት የተሠራ፣ የሚበሰብስ ኩባያና ፌስታል አስመጥቼ ለካፌዎች ላከፋፍል ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም የምኖረው በዚሁ ሥራ ነው። እኔን ያቃጠለኝ አንቺን እንዳያቃጥልሽ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. «ከዕፅዋት የተሠራ» ማለት «የሚበሰብስ» ማለት አይደለም። ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ ፖሊኤትሊን የሚባል ፕላስቲክ አለ። መነሻው ተክል ነው፤ ጠባዩ ግን ከነዳጅ እንደሚሠራው ፌስታል ነውና አይበሰብስም። ፒቢኤቲ የሚባለው ፕላስቲክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከነዳጅ ይመጣል፤ ግን ይበሰብሳል። «የበቆሎ ፌስታል» እየተባለ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ የስታርችና የፒቢኤቲ ድብልቅ ነው። «ኦክሶ» የሚል ቃል ካየሽ ግን ዝም ብለሽ እለፊ። ተራ ፕላስቲክ ሆኖ ቶሎ እንዲሰባበር ማጣደፊያ የተጨመረበት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከገበያ አግዶታል።

2. ሙቀት። ፒኤልኤ ከሚባለው ከዕፅዋት የሚገኝ ፕላስቲክ የተሠራ ኩባያ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይለሰልሳል፤ ለትኩስ መጠጥ አይሆንም። መጋዘንና መኪናም አስቢበት። ፀሐይ ላይ ተዘግቶ ከዋለ መኪና የወረደ ካርቶን ከፍቼ አይቻለሁ። የላዮቹ ኩባያዎች አፋቸው ተጣሞ፣ የታቾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ አንዱን ከአንዱ ለማላቀቅ ስትስቢ ጠርዙ ይቀደዳል።

3. ሰርተፊኬት። ኪሴን ያራቆተው ይሄ ነው። አቅራቢዬ ለፌስታሎቹ ኢኤን 13432 የሚል ወረቀት ላከልኝ። የአውሮፓ መስፈርት ነው፤ ቀላልም አይደለም። ዕቃው በ6 ወር ውስጥ ቢያንስ 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ አለበት። ኮምፖስት ውስጥ 12 ሳምንት ቆይቶ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ሲነፋ ደግሞ ላዩ ላይ የሚቀረው ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ወረቀቱን ሳነበው ስለ ፌስታል የሚል ነገር የለውም፤ የተሰጠው ለጥሬ ዕቃው ነው፣ ያውም እስከተወሰነ ውፍረት ድረስ። የእኔ ፌስታል ወፍራም ነው፤ ቀለምም ታትሞበታል። ዕቃውን ወደሚፈትሸው መሥሪያ ቤት ይዤ ሄድኩና «ይሄ ወረቀት ይሄን ዕቃ ይሸፍናል ወይ?» አልኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰው ቀና ብሎም አላየኝ። «ወረቀት አለህ አይደል? ምን ትነዘንዘኛለህ?» አለና ማኅተሙን መታበት። ኃላፊውን ላናግር ብል ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ጠዋት ስብሰባ፣ ከሰዓት ስብሰባ። እኔ እውነቱን ልወቅ ብዬ ስጠይቅ እንደ ወንጀለኛ ነው ያዩኝ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደንበኛዬ ተረፈ ምርቱን የሚያስረክበው ለኮምፖስት ማምረቻ ነበር። ማምረቻው ፌስታሎቹ ሳይበሰብሱ ቁርጥራጫቸው ወንፊት ላይ ቀረብኝ ብሎ ሁሉንም መለሰ። አቅራቢው ገንዘቤን አልመለሰልኝም፤ መልእክቴንም መመለስ አቆመ። የዚያን ጭነት ሙሉ ዋጋ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ለደንበኛዬ ግን ገንዘቡን በሙሉ መለስኩለት፤ ዛሬም ከእኔ ነው የሚገዛው። አሁን ሌሎች ነጋዴዎች እንኳ ከመግዛታቸው በፊት ወረቀታቸውን ለእኔ ያሳያሉ፤ በዚህ እኮራለሁ።

ስለዚህ የሰርተፊኬቱን ቁጥር ያዢና ሰጪው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ራስሽ ፈልጊው። የዕቃው ስም፣ ውፍረቱና ቀለሙ ካንቺ ዕቃ ጋር ይመሳከር። የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ነው ወይስ የቤት የሚለውንም እዩ ብለሽ ለደንበኞችሽ ንገሪ። የኢንዱስትሪው 58 ዲግሪ አካባቢ ባለው ሙቀት ነው የሚሠራው። የፒኤልኤ ኩባያ ሜዳ ላይ ወይም ባሕር ውስጥ ከተጣለ ለዓመታት እንዳለ ይቀመጣል። ፔት ከሚባለው ፕላስቲክ ከሚሠራው የውሃ ጠርሙስ ጋር ተደባልቆ ወደ ሪሳይክል ከገባም ያንን ያበላሻል።

በአካባቢሽ የሚቀበል ማምረቻ ከሌለ እኔ ብሆን ፒኤልኤን ትቼ፣ ጭማቂው ከወጣ በኋላ ከሚቀረው የአገዳ ገለባ በሚሠራው ሳህን እጀምር ነበር። ትኩስ ይችላል። ዘይት እንዳያሳልፍ ፒኤፍኤኤስ የሚባለው ኬሚካል የሚጨመርበት ግን አለና፣ እንደሌለበት የላቦራቶሪ ውጤት ጠይቂ። «አለን፣ በኋላ እንልካለን» ካሉሽ ቅድሚያ ክፍያ እንዳትልኪ። አቅራቢሽ የላከልሽን ሰርተፊኬት ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ አይቼ እነግርሻለሁ።