አንገቱ አንቆ ለያዘባት እህት

ለባለቤትሽ የሠራሽው ሹራብ አንገቱ ያንቃል፣ ጭንቅላትም በግድ ነው የሚያስገባ ብለሻል። አብሽሪ፣ ሙሉውን አትፍቺው። የሚፈታው የፊቱ የላይኛው ክፍል ብቻ ነው። እኔ ደሴ ላይ ሹራብ እየሠራሁ ነው ልጆች ያሳደግሁት፤ የጦሳን ተራራ ብርድ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አንገቱን ነው፣ በአንገት ሥራዬ ደግሞ የሚያማኝ የለም።

1. የፊቱን አንገት ትከሻ ልትደርሺ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሲቀርሽ ጀምሪ። ለጀርባው 2 ሴንቲ ይበቃል። ሁለቱን እኩል ስታደርጊያቸው ነው የሚያንቀው።

2. የብብቱን ቀንሰሽ መርፌው ላይ 90 ዓይን፣ ማለት የክር ቀለበት፣ ቀረሽ እንበል። ለየትከሻው 30፣ ለአንገቱ 30። የአንገቱን 30 ባንዴ ከዘጋሽው መስኮት ነው የሚመስለው። የመሐሉን 14 ብቻ ዝጊ። ከዚያ ግራና ቀኙን ለየብቻ ይዘሽ፣ በአንገቱ በኩል በተመለስሽ ቁጥር መጀመሪያ 3፣ ቀጥሎ 2፣ ከዚያ 1፣ 1፣ 1 ቀንሺ። ክብ የሚሆነው እንዲህ ነው።

3. የአንገቱን ክር ከመጀመሪያው ለይተሽ አስቀምጪ። አንገት የሚሠራው መጨረሻ ላይ ነው፣ ክር የሚያልቀውም እዚያው። እኔን አንድ ባለሱቅ «ይሄ ክር መቼም አይጠፋም፣ ሲያንስሽ ትመጫለሽ» ብሎ ሸጠልኝ። ስመለስ የሰጠኝ ስሙ ሰማያዊ ነው እንጂ ቀለሙ ሌላ ነው። ሹራቡን አውጥቼ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐዩ ላይ አጋጠምኩለት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ከፈለግሽ ውሰጂ፣ ማን ያየዋል» አለኝ። ማን ያየዋል! ከፊት ሥር ያለ ነገር ካልታየ ምን ሊታይ ነው? ደንበኛዬ ቅር ብሏት የከፈለችኝ የክሩን ዋጋ እንኳ አልሸፈነም፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ጥቅሉ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ሌላ አብረው የተነከሩበት ቁጥር አለ። ሁሉም ላይ አንድ መሆኑን ሳታዪ ብር እንዳትከፍዪ፣ ባለሱቁ ቢቆጣም ይቆጣ።

ትከሻውን ሰፍተሽ ዙሪያውን ዓይን ስታነሺ ቀጥ ብሎ በሚወጣው ጎን ከየ4ቱ ረድፍ 3 ብቻ አንሺ፣ ከበዛ ይሸበሸባል። በግማሽ ሚሊ በሚቀጥን መርፌ አንድ ቀጥ አንድ ግልብጥ እያልሽ 3 ሴንቲ ያህል ሥሪ። ስትዘጊው ግን ወፍራም መርፌ ያዢ፣ ላላ አድርጊው። የአዋቂ ጭንቅላት ዙሪያው 56፣ 57 ሴንቲ አካባቢ ነው፤ ጠብቆ የተዘጋ አንገት እዚያ ድረስ አይለጠጥም፣ ያንቺም አላስገባ ያለው ለዚህ ነው። ክሩን ሳትቆርጪ አልብሰሽ ሞክሪው። ጆሮው ላይ ከያዘ መዝጊያውን ብቻ ፈትተሽ ድገሚው።