ስለ ጡት ራጅ ጠይቁኝ፦ የጎንደሯ ባለሙያ ትመልሳለች

ጎንደር ውስጥ ማሞግራፊ አነሳለሁ። ጠይቁ። ውጤታችሁን ግን እዚህ አትለጥፉ። እብጠት ያላት ደግሞ የኔን መልስ አትጠብቅ፣ ሐኪም ጋ ትሂድ።

ከማራኪ፦ እታለም፣ ለምንድን ነው እንዲህ የምትጨምቁን? ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

መልስ፦ ያማል፣ አልዋሽሽም። ጡት ሲሳሳ የተደራረበው ይዘረጋል፣ የተደበቀው ይታያል። ፊልሙ አይደበዝዝም፣ ጨረሩም ይቀንሳል። የወር አበባሽ ባለፈ በሳምንቱ ብትመጪ ይሻልሻል።

ከአዘዞ፦ ጥሩ ፊልም በምን ይለያል?

መልስ፦ ተባረኪ! ስለ ማሽን እንጂ ስለ አነሳስ የሚጠይቅ የለም። እያንዳንዱ ጡት ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ ከላይ ወደ ታችና በሰያፍ። በሰያፉ ላይ የደረት ጡንቻ ከብብት ተነስቶ እስከ ጡት ጫፍ ትይዩ መውረድ አለበት። ከጡት ስር ያለው እጥፋትም መታየት አለበት። አለዚያ የኋላው ሥጋ ውጭ ቀርቷል። ያልገባውን ሐኪሙ በምን ዓይኑ ያየዋል? እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ላይ፣ አቀማመጡ ደንቡን ያሟላ ፊልም ከ100 ካንሰር 84 ገደማ ሲይዝ፣ ያላሟላው 66 ገደማ ነው የያዘው።

ባለፈው አንዲት እናት ትከሻቸውን ድንጋይ አደረጉብኝ። ጡንቻው ከላይ ቁራጭ ብቻ ታየ። «እማማ፣ እንጀራ ጋግረው ሲጨርሱ እንደሚያርፉት እጅዎን ጣል ያድርጉት» አልኳቸው። ሳቁ። ትከሻው ወረደ፣ ጡንቻውም እስከ ታች ገባ።

ከፒያሳ፦ ዲኦድራንት ተቀብቼ ብመጣስ?

መልስ፦ ታጥበሽ ነይ። ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ፊልም ላይ፣ አንዳንዴ የካንሰር ምልክት የሚሆነውን የካልሲየም ነጠብጣብ ይመስላል።

ከአራዳ፦ ማሞግራፊ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለማን? በስንት ዓመቷ? ጥያቄው ይሟላ።

ከቀበሌ 18፦ ጨረሩ ራሱ ካንሰር ያመጣል እኮ! ጠበል ይሻላል።

ከአዘዞ፦ ጠበሉንም ምርመራውንም ማን ከለከለህ?

ከቀበሌ 18፦ አንቺን አልጠየቅኩም።

መልስ፦ ጠበሉ ውስጥ አታስገቡኝ። የአንድ ምርመራ ጨረር 0.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። በሰባት ሳምንት ከተፈጥሮ የምናገኘውን ያህል።

ከቆላ ድባ፦ 28 ዓመቴ ነው፣ እብጠት አለኝ። ማሞግራፊ ልነሳ?

መልስ፦ ሐኪም ጋ፣ ነገ። በዚህ ዕድሜ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አልትራሳውንድ ይቀድማል።

ከማራኪ፦ የኔ ፊልም ግን ንጹህ ነው ተብያለሁ፣ እብጠቱ ይዳሰሰኛል። ልተወው?

መልስ፦ አትተዪው! ንጹህ ፊልም እብጠትን አይሽርም። ስንቴ ልበል?

ከአራዳ፦ ይቅርታ አሁን ገባሁ፤ ለምንድን ነው የሚጨመቀው?

መልስ፦ ወደ ላይ።