ሪላክሰር የነካው ፀጉር ላይ ሃይላይት ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የእህቴ ሰርግ ጥር ላይ ነው፣ ሚዜ ነኝ። ፊት ለፊት ያለውን ፀጉሬን ወርቃማ ሃይላይት መሥራት አማረኝ። ፒያሳ ሁለት ፀጉር ቤት ጠይቄ ዋጋው ከበደኝ። ጓደኛዬ የብሊች ዱቄትና 12 በመቶ የሚል ክሬም ገዝታልኛለች፣ ቤት ልንሠራው ነው። ሪላክሰር ከተቀባሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ስንት ደቂቃ ላቆየው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደቂቃውን ተዪው። ሪላክሰር የነካው ፀጉር ላይ ቤት ውስጥ ብሊች አታድርጊ። ሪላክሰር ፀጉሩን ቀጥ የሚያደርገው ውስጡን አጥብቆ የያዘውን ማያያዣ በጣጥሶ ነው፤ ብሊች ደግሞ ቀለሙን ሊያወጣ እዚያው ውስጥ ይገባና የተረፈውን ያዳክመዋል። ሁለቱ ሲደራረቡ ፀጉሩ እርጥብ እያለ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ከዚያ እጅሽ ላይ ይቀራል። እኔ ላይ ደርሷል። ግንባሬ ላይ ያለው ተበጥሶ አንድ ዓመት ሙሉ ሻሽ አልተለየኝም። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፣ አስቢው።

ለሰርጉ ወርቃማ ሂውማን ሄር ፊት ለፊት ጥቂት አስቀጥዪ። ፎቶ ላይ ልዩነቱን ማንም አያውቅብሽም፣ ሰርጉ ሲያልቅ ታወልቂዋለሽ።

12 በመቶውን ግን ለማንም አታውሺ። እሱ 40 ቮሊዩም የሚባለው፣ ከብሊች ዱቄቱ ጋር የሚበጠበጠው ክሬም በጣም ኃይለኛው ነው። ሪላክሰር ነክቶት የማያውቅ ፀጉር ያላችሁ፣ ቤት ካልሠራን ካላችሁ፣ 6 በመቶውን ማለትም 20 ቮሊዩሙን ግዙ። ቀስ ይላል፣ ግን ጊዜ ይሰጣችኋል። መጀመሪያ ከማጅራት በኩል የማይታይ ትንሽ ፀጉር ላይ ሞክሩ፣ ታጥቦ ሲደርቅ ሳብ አድርጉት፤ ከተበጠሰ እዚያው ይቁም። ከሥራው በፊት አንድ ሁለት ቀን ራሳችሁን አትታጠቡ፣ የራስ ቅሉ ወዝ ከማቃጠሉ ትንሽ ይከላከላል። የብረት ሳህን ውስጥ አትበጥብጡ፣ ፕላስቲክ ይሁን። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ። ፀጉሩን በቀጭን በቀጭኑ እየለያችሁ ፎይል ላይ አድርጉና ከሥሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ሥሩ ጋ የራስ ሙቀት ስላለ ቀለሙ ቶሎ ይለቃል። ላዩ ላይ ፎን አታብሩበት። በየአምስት ደቂቃው ፎይሉን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፣ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ሰዓት ደግሞ እንዳታልፉ።

ጥቁር ፀጉር በአንዴ ወርቃማ አይሆንም። መጀመሪያ ቀይ ይሆናል፣ ከዚያ ብርቱካንማ ይሆናል፣ ከዚያ ነው ቢጫ የሚመጣው። ብዙ ሰው ብርቱካንማው ላይ ደንግጦ ያንኑ ቀን ድጋሚ ይቀባል፣ ፀጉር የሚጠፋውም ያኔ ነው። ብርቱካንማውን በሰማያዊ ቶነር፣ ማለትም ከብሊች በኋላ በሚቀባ የቀለም ማስተካከያ አለዝቡት፣ ቢጫውን በሐምራዊ። ከፈለጋችሁ ሌላውን ዙር ከሳምንታት በኋላ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ! ውሃ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ እናንተም ጋ ይሄው ሳይሆን አይቀርም፤ ብሊች ተቀብቶ ቧንቧው ጭጭ ካለ ፀጉሩ መንጣቱን አያቆምም፣ ቆዳም ይቆጣል። ሁለት ጀሪካን ሳትሞሉ ዱቄቱን እንዳትበጠብጡት። መብራት ቢጠፋ ቀለሙ ስለማይታይም ሥራው በቀን ይሁን።

ሲያልቅ ኮንዲሽነር በደንብ፣ ፔስትራውን ለጥቂት ሳምንት አርቁት። ቅቤ መቀባት ጥሩ ነው፣ ያለሰልሳል፤ የተበጠሰውን ግን አይጠግንም።

ጥያቄ፦ ሂና ተቀብቼ ነበር፣ አሁን ብሊች ባደርግ ችግር አለው? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ እንደ ሂናው ነው። ንጹሕ ቅጠል ብቻ ከሆነ ቀለሙ በቀላሉ አይለቅም እንጂ ያን ያህል አያሰጋም። አንዳንዱ የታሸገ ሂና ግን የብረት ጨው ይቀላቀልበታል፣ እሱ ከብሊች ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ ያጨሳልም። ማበጠሪያሽ ላይ ከቀረው ፀጉር ትንሽ ወስደሽ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በተበጠበጠ ብሊች ንከሪው። ከሞቀ ወይም ቀለሙ እንግዳ ከሆነብሽ፣ ሂናው ያለበት ፀጉር አድጎ እስኪቆረጥ ጠብቂ።