ዳገት ላይ የሚሞቅ ጎልፍ፦ ቴስታታው ከመፈታቱ በፊት

አዳማ የሚኖሩ አንድ መምህር እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «መኪናዬ የ2001 ሞዴል ጎልፍ 4 ነው፤ ሞተሩ ባለ 8 ቫልቭ 1.6 ቤንዚን ነው። ከተማ ውስጥ ስነዳው ምንም አይልም። በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ግን ቢሾፍቱ ሳልደርስ የሙቀት ጌጁ ከ90 በላይ ይወጣል። በሳምንትም ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ እጨምራለሁ። አንዱ መካኒክ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መስመር የሚከፍተው ዕቃ) ወጥቶ ይጣል አሉኝ፤ ሌላው ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) መፈታት አለበት ብለው 90,000 ብር ጠየቁኝ። ወንድሜ ደግሞ ሸጠህ ቪትዝ ግዛ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ከደብዳቤዎ ትልቁን ፍንጭ የሰጠኝ ከተማ ውስጥ አይሞቅም ማለትዎ ነው። ችግሩ የቬንትሌተሩ፣ ማለትም የራዲያተሩ ማራገቢያ፣ ቢሆን ኖሮ ባጃጆች መንገዱን ዘግተውት ቆመው ሲጠብቁ ይሞቅብዎት ነበር፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ግን ነፋሱ ራሱ የቬንትሌተሩን ሥራ ይሠራል። ከአዳማ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ መውጣት ስለሚያስፈልግ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ይደክማል፤ መኪናዎ የሚሞቀው በዚህ ጊዜ ብቻ ከሆነ ውሃው በበቂ መጠን እየተዘዋወረ አይደለም፣ አለዚያም ራዲያተሩ ደርሶ የሚገባውን ያህል ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል ማለት ነው።

በዚህ ሞዴል ጌጁ እውነቱን ሁሉ እንደማይናገርም ይወቁ። ፋብሪካው ነጂው በትንሽ በትልቁ እንዳይጨነቅ ብሎ ውሃው ከ75 ዲግሪ ገደማ አንሥቶ እስከ 105 ገደማ ድረስ ጌጁ 90 ላይ ተተክሎ እንዲቆም አድርጎታል። ስለዚህ ጌጁ ከ90 ሲነሳ ባዩ ጊዜ ሞተሩ ከሞቀ ቆይቷል።

ቀድሜ የምጠረጥረው የውሃ ፓምፑን ነው። በእነዚያ ዓመታት በተሠሩ ብዙ የፎልክስዋገን ሞተሮች ላይ ውሃውን የሚገፋው የፓምፑ ክንፍ ከፕላስቲክ የተሠራ ነበር፤ ፕላስቲኩ ሲያረጅ ይሰነጠቅና ዘንጉ ላይ ይላላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ጋራዥ ዞሮ፣ ራዲያተር ተቀይሮለት፣ ቴርሞስታቱም ወጥቶ የመጣልኝን የአንድ ፓሳት ፓምፕ ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነበር፤ ኩሽኔታው አይጮኽም፣ ያፈሰሰው ጠብታም የለም። ክንፉን በአንድ እጄ ይዤ ዘንጉን በሌላው ሳዞረው ግን ዘንጉ ብቻውን ዞረ፤ ክንፉ በጣቶቼ መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ክንፉ እየተጎተተም ቢሆን ውሃውን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ዙሩ ሲጨምር ግን ይንሸራተታል። የእርስዎም ይህ መሆኑን ለመገመት ጌጁ ሲነሳ የውስጥ ማሞቂያውን ይክፈቱት፤ ሞተሩ እየጋለ ከማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከወጣ ወይ ውሃው ጎድሏል ወይ እየተዘዋወረ አይደለም።

በሳምንት ግማሽ ሊትር የሚጠፋው ውሃ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ቴስታታው በካምቢዮው በኩል ባለው ጫፉ ላይ የውሃ ቱቦዎቹና የሙቀት መለኪያው የሚገቡበት የፕላስቲክ ማያያዣ አለ፤ እርሱም በዕድሜ ይሰነጠቃል። የሚያፈሰው ውሃ ካምቢዮው ላይ ስለሚወርድና እዚያው ስለሚደርቅ መሬት ላይ ጠብታ አያዩም፤ በእጅ ባትሪ ካዩት ግን ሮዝ ወይም ነጭ የደረቀ ቅርፊት ያገኛሉ። የውሃ ማጠራቀሚያውንም ክዳን አይናቁት። አዳማ ላይ ክፍት ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ አዲስ አበባ ሲደርሱ ደግሞ በ92 ገደማ፤ ቴርሞስታቱ መከፈት የሚጀምረው 87 አካባቢ በመሆኑ ያለን ልዩነት ጠባብ ነው። ውሃው ከ120 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊት ስለሆነ፣ ያረጀ ክዳን ባሕር ዳርቻ ላለ ነጂ ከሚያስከትለው ችግር የበለጠ ለእኛ ያስከትላል።

ቴስታታ ይፈታ ያሉት ባለሙያ ተሳስተዋል ብዬ በሩቁ አልፈርድም፤ ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ማረጋገጫ ሳያሳዩ 90,000 ብር መጠየቃቸው ትክክል አይደለም። ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሡትና ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ መሆኑን ይመልከቱ። ቀጥሎም ጋራዡ በእጅ ፓምፕ የውሃውን መስመር በግፊት ይፈትን፤ ግፊቱ ከወረደ ፍሳሹ የት እንዳለ ይፈለጋል። በመጨረሻም ከማጠራቀሚያው የሚወጣውን አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ የሚያሳልፍ መመርመሪያ አለ፤ የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። እነዚህ ሦስቱ ከግማሽ ቀን አያልፉም።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አያስጥሉት። ሞተሩ ሁልጊዜ እንደ ቀዘቀዘ ስለሚሠራ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። በብዙ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተሩ የማይሄደውን አቋራጭ መስመር ስለሚዘጋ፣ ሲወጣ የሞቀው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። የሚጨምሩት የቧንቧ ውሃ ከሆነም ያቁሙ፤ ዝቃጩ ራዲያተሩን ይደፍናል። በዚህ መኪና ቀዩን ኩላንት ከአረንጓዴው ጋር መቀላቀልም ቡናማ ጭቃ ይፈጥራል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የዚህ ሞተር ፓምፕ የሚዞረው የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ በሚያቀናጀው በታይሚንግ ቺንጋው ስለሆነ ፓምፑን ለማግኘት ቺንጋው መውረዱ አይቀርም። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የማያውቁ ከሆነ ቺንጋውን፣ መወጠሪያውን፣ ፓምፑን፣ ቴርሞስታቱን፣ ያንን የፕላስቲክ ማያያዣና ክዳኑን በአንድ ጊዜ ያስቀይሩ፤ የእጅ ዋጋውን አንዴ ይከፍላሉ፣ ቺንጋው ተበጥሶ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ከሚጋጩበት አደጋም ይድናሉ። የዋጋ ቁጥር የማልጽፍልዎት ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ነው። የቪትዝ ዕቃ አዳማ ውስጥ በየሱቁ አለ፤ የጎልፍ ግን ብዙ ጊዜ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያስኬዳል፤ ስለዚህ አንድ ዕቃ በተሳሳተ ግምት ገዝቶ መመለስ የቀን ኪሳራ ነው። 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተሩን ኮድ በወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ፓምፑንም ክንፉ ብረት የሆነውን ይጠይቁ።

ይሸጥ ወይስ ይያዝ ለሚለው፣ የሚሞቅ መኪና የሚሸጠው በብረት ዋጋ ነው፤ ሊሸጡትም ቢሆን መጀመሪያ ይጠግኑት። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ስለጣለ፣ በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ በእጅዎ ባለው ገንዘብ የሚያገኙት ቪትዝ የጎልፍዎ እኩያ ሊሆን ይችላል። የጎልፍ 4 አካል በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ዝገት ላይ ይበልጠዋል ባይ ነኝ። ምርመራው ጓርኒሲዮኑን ካጋለጠና ፍሪሲዮኑም የሚንሸራተት ከሆነ ግን ወንድምዎ ትክክል ናቸው።

እስከዚያው ወደ አዲስ አበባ አይውጡበት። ግድ ሆኖ ወጥተው ጌጁ ከተነሳ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ዳር ይዘው ይቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፤ ክዳኑንም ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቀዘቅዝ አይንኩት፤ ከከፈቱት የፈላው ውሃ ፊትዎ ላይ ይፈነዳል። ጋለ ብለውም ቀዝቃዛ ውሃ አያፍሱበት፤ ደህና የነበረው ቴስታታ የሚሰነጠቀው ያን ጊዜ ነው።